የአስር ሰዓት ሻይ

መጋቢት 19 ቀን 2012፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የጀመርኩት የክሊኒኳ ነርስ ስላዘዘችኝ ነው። ረቡዕ ዕለት፣ ያለሁበት የሰው አገር በኮሮና ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ግፊቴን ለክታ ራሷን ነቀነቀች። 168 በ100። "ማማ፣ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃሽም" አለችኝ። "በቀን አንድ ጊዜ ሻይሽን አፍልተሽ ቁጭ በይ። ሃያ ደቂቃ። ስልክ የለም፣ ስፌት የለም፣ ሐሳብ የለም።" ሐሳብ የለም ስትል ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ተቀመጥኩ ወይም አልተቀመጥኩም ብዬ በየቀኑ እንድጽፍ፣ ኪኒን ልወስድ ስመለስም ደብተሩን እንዳመጣ ነገረችኝ። የምጽፈው በአማርኛ ነው ስላት "እየተረጎምሽ ታነቢልኛለሽ" አለች።

እንግዲህ፦ ዛሬ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ነርሷ የምትወጂውን አቀማመጥ ፈልጊ ስላለችኝ ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ሳስብ ዋልኩ። ማስክ እየሰፋሁ።

አንዱ የበሩ ደፍ ላይ ነው። አስር ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ የጎረቤቴን የዲቦራን ግድግዳ ትታ የኔን ትይዛለች። ጀርባዬን ለሞቀው ጡብ ሰጥቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ። ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ፣ ቀረፋ ትንሽ፣ ስኳር ግማሽ ማንኪያ። (ስኳሩን ለነርሷ አላነብላትም።) የዚህ አገር ሰው የሚጠጣውን ቀዩን ሻይ፣ ሮይቦሱንም እወደዋለሁ፣ ግን ለታመመ ሰው የሚሰጥ ይመስለኛል።

ሌላው ከመጽሐፍ ጋር ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አለኝ፣ ስሙንም የጻፈውንም ሰው አላውቅም። የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ፤ አንዴ ቃሉን ለመልቀም፣ አንዴ ነገሩን ለመስማት። ፊደል የለየሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ሰው ከአገር ቤት ባመጣልን የሻይ ቅጠል ፓኬት ላይ ነው። ለዚህ ይሆናል ሻይ ከሌለ ንባቡ የማይገባኝ።

ሦስተኛው ከሰው ጋር ዝም ማለት ነው። ባሌ ዱካሞ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ብርጭቆ ይጠጣ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይናገር። አሁን ያለችኝ ዲቦራ ናት። እሷ ደግሞ ዝም አትልም።

ዲቦራ ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባሏ ማናሴ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፤ ሎክዳውኑ ከጀመረ ወዲህ እዚያው ያድራል፤ ዘግቶ ቢመጣ ሌቦች ሱቁን ባዶ ያደርጉታል። እሷ ሃዲያ ናት፣ እኔ ከምባታ፣ የምንግባባው በአማርኛ ነው። አስር ሰዓት ሲሆን የራሷን ብርጭቆ ይዛ ትመጣና የቀለም ባልዲ ደፍታ ሁለት ሜትር ርቃ ትቀመጣለች። እኔ እጄን ዘርግቼ ከማንቆርቆሪያው እቀዳላታለሁ።

"እትዬ፣ ሲስተሯ ሃያ ደቂቃ ነው ያለችሽ። ሦስቴ ተነሳሽ። ልንገርብሽ?"

"ድስት ጥጄ ነው።"

"የታለ ድስቱ? አየሁሽ እኮ። ገብተሽ ቆመሽ ነው የምትመለሺው።"

እውነቷን ነው።

መጋቢት 27፣ እሑድ

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ አጵሎስ ከጀርሚስተን ደወሉ። ስብከቱ በስልክ ተላልፎ እንዳለቀ ነበር። "ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ። እንዲህ ብለው ሲጀምሩ በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ።

የዲቦራ እናት፣ ወይዘሮ ኤርጎጌ፣ ሐሙስ ዕለት ሆሳዕና ከተማ አርፈዋል። ሁለት ቀን ታመው። ተቀብረዋል። ማናሴ ያውቃል። አገር ቤት ያለችው እህቷም አፏን እንድትይዝ ተነግሯታል።

"መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ ጋሽ አጵሎስ። "ማለዳ፣ ሰው ይዘን እስክንመጣ አንቺ ያዢልን።"

"መቼ ትመጣላችሁ?"

"መንገድ ሲከፈት። ሃያ አንድ ቀን ነው ያሉት። ብቻዋን ብትሰማ ማን ይይዛታል? አንቺ እንዳታቅፊያት በሽታው አለ።" ቀጥለውም "አንቺ ዝምታ ታውቂበታለሽ፣ እህት በቀለች። ከዚህ በፊትም አይተንሻል" አሉ።

ከዚህ በፊትም አይተንሻል።

አስር ሰዓት ላይ አፈላሁ። መጣች። ቀዳሁላት። አልተቀመጥኩም።

መጋቢት 29

ማስክ አርባ። እናቷን ሳታነሳ ዋለች። ቆሜ ጠጣሁ።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ

ሃያ አንዱ ቀን ሳያልቅ ሁለት ሳምንት ጨመሩበት። ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ስለ በሽታው አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻይ፣ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ዲቦራ በማናሴ ተናዳለች። "ካርድና ኤርታይም የሚሸጥ ሰው ለሚስቱ ዳታ ያጣል? 'ሲስተሙ አይሠራም' ይለኛል። ለደንበኞቹ ይሠራል፣ ለኔ አይሠራም! ፌስቡክ ካየሁ ሳምንት አለፈኝ፣ እትዬ። ዓለም ይኑር አይኑር አላውቅም።"

"ዓለምማ አለ" አልኳት።

ለምን ዳታ እንደማይልክላት አውቃለሁ። ፌስቡክ ላይ የእናቷ ፎቶ ከነሻማው ተለጥፏል።

ሚያዝያ 6

"እትዬ፣ እናቴ ስልክ ላይ አልቀርብ አለች። እህቴ ባለፈው ጉሮሮዋን ታማለች አለችኝ። ትናንት ደግሞ ገበያ ሄዳለች። ጉሮሮዋን የታመመች ሴት ገበያ ምን ብላ ልትከራከር ነው?"

"እርጅና ነው" አልኳት። "ዛሬ ጉሮሮ፣ ነገ ጉልበት። ስልክ መያዝም ይሰለቻል።"

ሳቀች። ልጇን ጠርታ አፍንጫውን ጠረገችለት። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ውሸቱ እንዴት ቶሎ መጣልኝ! አልፈለግሁትም እኮ፣ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

አልተቀመጥኩም።

ሚያዝያ 11፣ ፋሲካ

ከጠዋት ጀምሮ አገር ቤት ስትደውል ነበር። መስመሩ ተይዟል። በመጨረሻ እህቷ አነሳች፤ ከበሩ ሆኜ እሰማለሁ። ቋንቋቸውን ከሦስት ቃል አንዱን ነው የምለየው፣ ግን ልመና በየትኛውም ቋንቋ ይለያል።

አስር ሰዓት ላይ ብርጭቆዋን ይዛ መጣች እንጂ አልጠጣችም።

"በፋሲካ እንኳ? ተቀይማኛለች፣ እትዬ። ዘጠኝ ዓመት ዋጥ አድርጋው ነበር፣ አሁን ወጣ። ለማናሴ ስመጣ ሳልሰናበታት ነው የወጣሁት። ታለቅሳለች፣ ታስቀረኛለች ብዬ። በር ላይ ሰፌድ አንጠልጥላ ነበር፣ እንዳይንኳኳ በእጄ ይዤ ወጣሁ። ሰፌዱን እስከ መንገድ ድረስ ይዤው ሄድኩ።"

ምን ልበላት? ሻይሽ ቀዘቀዘ አልኳት።

ዱካሞም አንድ ጊዜ እንዲሁ...

ማሽኑ ዘይት ይፈልጋል። ነገ።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

ደብዳቤ ጻፊልኝ አለች። "የኔ አማርኛ የሱቅ አማርኛ ነው፤ አንቺ የመጽሐፍ አለሽ። በወረቀት ሲሆን ክብር አለው። ፎቶ አንስተሽ ለእህቴ ትልኪያለሽ፣ እሷ ታነብላታለች።" የኔ ስልክ ዳታ አለው፤ ይህን አስባበታለች።

እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሻዩን አፍልቼ፣ ወረቀቱን ስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። እሷ ባልዲዋ ላይ ሆና እያንዳንዷን ቃል እንደ ዶቃ እየመረጠች ትነግረኛለች። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም ነበር። ጽሑፌ ከሌላ ቀን ይልቅ አምሮ ነበር፤ ይህም አሳፈረኝ።

"ሰፌዱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ በይልኝ" አለች ስንጨርስ። "ስመለስ በሩ ላይ መልሼ እሰቅለዋለሁ በይልኝ።"

ሰፌዱ አላት። ቲማቲም ስትለቅምበት አይቻለሁ።

ሚያዝያ 19

"ላክሽው?"

"ላኩት።"

"ምን አሉ?"

"ገና አላዩትም።"

ደብዳቤው እዚህ ደብተር ውስጥ ነው፣ ይህን ከምጽፍበት ገጽ ኋላ።

ሚያዝያ 22

ክሊኒክ። 181 በ104። ነርሷ በፕላስቲኩ ጋሻ ውስጥ ሆና አየችኝ። "ማማ፣ ሻይሽን አትጠጪም እንዴ?" "በየቀኑ እጠጣለሁ" አልኳት። ደብተሩን አልጠየቀችኝም፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት ጠዋት ወጥቶ መራመድ ተፈቀደ። በሰፈራችን በሮዘተንቪል ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ እስር ቤት እንደተከፈተ። ለጋሽ አጵሎስ ደወልኩላቸው።

"አሁንም ሰው ቤት መግባት ክልክል ነው" አሉ። "ለቀብር ነው የተፈቀደው፤ ለመርዶ ፈቃድ የሚሰጥ ፖሊስ የት ይገኛል?"

"እኔ ብነግራትስ?"

"እህት በቀለች! ሁለት ሕፃናት ይዛ፣ ባሏ በሌለበት? ብትወድቅ ማን ያነሳታል?"

"ጋሼ፣ እናቴ ተቀየመችኝ እያለች ነው።"

"ቅያሜ አይገድልም። ሲነገራት ይወጣላታል።"

ስልኩን ዘግቼ ግቢውን ዞርኩ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። የዲቦራ ትንሹ ልጅ ስፖርት መስሎት ከኋላዬ እየሮጠ ተከተለኝ።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ነገርኳት።

ሚያዝያ 28

ትናንት ከዚያች ቃል በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ማለዳ ነው፣ ልጆቹ አልተነሱም።

አስር ሰዓት ላይ መጣች። ቀዳሁላት። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ፣ ስለ ዱቄት መወደድ፣ መሐል ላይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና "በቃ፣ እትዬ። ከእንግዲህ አልደውልም" አለች። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ ልጻፈው። ዱካሞ ከስድስት ዓመት በፊት በኩላሊት ነው የሞተው። ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝቷል። በአምስተኛው ሳምንት እናቱ ስንዱ አገር ቤት አረፉ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም አሉኝ፤ እኔም ልክ ነው አልኩ። እሱ ግን በየቀኑ "እናቴ ጋ ደውዪልኝ" ይለኛል። ተኝተዋል እላለሁ። ኔትወርክ የለም እላለሁ። አንድ ቀን ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዤለት ደረስኩ፤ ገና ሳልቀዳለት ጠየቀኝ። ደክሞኝ ነበር። "እናትህ ተቀይማሃለች። ራሱ ካልመጣ አላነጋግረውም ብላለች" አልኩት። መጠየቁን እንዲያቆም ብዬ ነው። አቆመ። "በቃ፣ ከእንግዲህ አትደውዪ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሻዩን አልጠጣም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰባት ሳምንት ኖረ፤ እናቱን አንድም ቀን አላነሳም። ሰው ሁሉ አደራዋን ጠበቀች ብሎ አመሰገነኝ። ምን እንዳልኩት ማንም አያውቅም።

ዲቦራን "እናትሽ አልተቀየመችሽም" አልኳት።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ዞር በዪና እዪኝ።"

ዞረች። ገና ምንም ሳልል ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ። ተናገርኩ። አልጮኸችም። ማንቆርቆሪያውን አየችው።

"መቼ ነው?"

"መጋቢት ሃያ አራት።"

"አንቺስ መቼ ሰማሽ?"

"ሃያ ሰባት።"

በጣቷ ቆጠረች። "ሠላሳ ቀን" አለች። "ሠላሳ ቀን ሻይ እያፈላሽ ቀዳሽልኝ። ደብዳቤ ጻፍሽልኝ።"

ያን ጊዜ ስለ ዱካሞ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ምሕረት ልለምን ይሆናል፣ በዚያ ሰዓት! ሰማችኝ። ሻይዋን መሬት ላይ ደፋችው፣ ብርጭቆዋን ቧንቧው ላይ አጠበችው፣ የኔ በር ደፍ ላይ ገለበጠችው። ክፍሏ በር ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

"አሁን እንዴት ነው የማለቅሰው?" አለችኝ። "ሰው የለም እኮ።"

ከዚያ ዘጋችው። እስከ አሁን ከዚያ ቤት ድምፅ አልወጣም።

ግንቦት 1

ድምፅ የለም። ልጆቹ ይወጣሉ፣ ይበላሉ፣ ልብሳቸው ታጥቧል። እሷን አላየሁም። ጋሽ አጵሎስ የፈሩት ይህንን ነበር፤ አሁን ገባኝ። እንባ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው በሌለበት ውስጥ ይቀራል።

ብነግራትም አጠፋሁ፣ ባልነግራትም አጠፋሁ። ይህን መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ስፌት ላይ ሆኜ።

አስር ሰዓት ላይ ለአንድ ሰው አፈላሁ። ልኩ ጠፍቶኝ ማንቆርቆሪያው ሞላ።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

መጣች! ባልዲዋን አላመጣችም። ቆማ "ደብዳቤውን አልላክሽውም አይደል?" አለች።

"አልላክሁትም።"

"አንብቢልኝ።"

አወጣሁት። አነበብኩላት። ስለ ሰፌዱ የተጻፈው ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከመጨረሻው በፊት እንዲህ የሚል አለ፦ "እናቴ ሆይ፣ ስልክ ያላነሳሽው ተቀይመሽኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብትችዪ ኖሮ ትመጪ ነበር።"

"ይህን እኔ አላልኩም" አለች።

"አላልሽም።"

"አንቺ ነሽ የጨመርሽው።"

"አዎ።"

"ለኔ ነው የጻፍሽው?"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ማናሴ መስማቴን እንዳያውቅ። ጋሽ አጵሎስም" አለችኝ። "እስኪመጡ አላውቅም። ሰው እስኪኖረኝ።"

ብርጭቆዋን ደፉ ላይ እንደተገለበጠ ትታው ሄደች። እኔም አላነሳሁትም። ስገባ ስወጣ እረግጠዋለሁ እያልኩ እጠነቀቃለሁ።

ግንቦት 14

ጋሽ አጵሎስ ደወሉ። "እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት።"

"አንቺስ?"

"እኔም ደኅና ነኝ።"

ማታ ማታ በበሯ ስር መብራቱ ይታያል። ቲማቲሙን በሰፌዱ ሳይሆን በሳህን መልቀም ጀምራለች። ሰላም እንባባላለን። ያ ብቻ። የዚህ አገር ብርድ ጠንክሯል፤ ፀሐይዋም ከአስር ሰዓት በፊት ግድግዳዬን ትታው ትሄዳለች።

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ

ከትናንት ጀምሮ ለጸሎት መሰብሰብ ተፈቀደ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ መጡ። አራት ናቸው፣ ሁሉም እስከ አፍንጫቸው ተሸፍነዋል። ጋሽ አጵሎስ ከፊት፣ ማናሴ ከኋላ፣ ሁለት ሴቶች ዳቦና ፔርሙዝ ይዘዋል። በሩን አንኳኩ። ዲቦራ ከፈተች። አስቀድማ ለብሳ ነበር፤ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ምነው በማለዳ?" አለች።

"ግቢና ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ አጵሎስ። ማስኩን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉት፤ እንዲህ ያለ ነገር በጨርቅ ውስጥ አይነገርማ። "እናትሽ ዐርፈዋል።"

ጩኸቷ የውሸት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሃያ ስምንት ቀን ከደረቷ ጋር ያሰረችው ነው የወጣው። ሁለቱ ሴቶችና ማናሴ ደግፈው ያዟት፤ ሁለት ሜትሩን ማንም አላሰበውም። በቋንቋዋ እናቷን ጠራች፣ ሰፌዱን ጠራች፣ መንገዱን ጠራች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ በከምባትኛ፤ የኔ ነበር። ስንዱ፣ ስንዱ እያልኩ ነበር። ለአማቴ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር ያለቀሰላቸው ሰው የለም። ሴቶቹ ባሏን አስታውሳ ነው ብለው እኔንም ያዙኝ።

ሰው ከተረጋጋ በኋላ ጋሽ አጵሎስ አጠገቤ ተቀመጡ። "ሁለት ወር ሙሉ አደራሽን ጠበቅሽ" አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ። "እንዳንቺ ያለ አላየሁም።"

"ጋሽ አጵሎስ፣ እኔ እኮ..."

ዲቦራ ከነጠላዋ ስር እጇን ሰዳ ጉልበቴን ጫን አደረገችው። አፌን ዘጋሁ። ለኔ ብላ ይሁን፣ ልቅሶዋን ማንም እንዳይጠራጠርባት ይሁን፣ አልጠየቅኋትም። ለዱካሞ ያልኩትን ግን አንድ ሰው ያውቃል። ያም ሰው ጉልበቴን ይዞ ነበር።

አስር ሰዓት ላይ ሰዉ ቤት ውስጥ ጸሎት ላይ እያለ ዲቦራ ወጣች፣ ዓይኗ አብጦ። ከበሬ ደፍ ላይ ብርጭቆዋን አነሳችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። ባልዲዋን ከማዶ አመጣችና ደፋችው፤ በጣም ቅርብ፣ ከደፉ አንድ እርምጃ። እንግዶቹ ካመጡት ፔርሙዝ ለሁለታችንም ቀዳች።

"እትዬ፣ ድስት ጥደሻል?"

"አልጣድኩም።"

"እንግዲያው ተቀመጪ።"

ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። ግድግዳው ላይ ፀሐይ አልነበረችም። ዲቦራ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲጠራን ብርጭቆዬን አየሁት፣ ባዶ ነበር።

ለነርሷ፦ ዛሬ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላየሁም።